125 ፊርማ ፍለጋ፦ በቨርጂኒያ በግል የተወዳደርኩበት ዓመት

የመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ 83 ፊርማ ሰበሰብኩ። ማታ ቤት ገብቼ ባለቤቴን «አለቀ በይው» አልኳት። ስሜ ድምፅ መስጫው ላይ እንዲወጣ የሚያስፈልገኝ 125 ነበር። ሌላ አንድ እሁድ ቢጨመርበት ያበቃል ብዬ እግሬን ዘርግቼ ተኛሁ።

ሰኞ ማታ ስሞቹን ከመራጮች ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ጀመርኩ። ከ83ቱ የሚቆጠርልኝ 19 ብቻ ሆኖ ተገኘ።

የቀሩት 64ቱ ዋሽተውኝ አይደለም። ብዙዎቹ የሜሪላንድ ነዋሪዎች ናቸው፤ እሁድ እሁድ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው ለቅዳሴ ይመጣሉ። ዲሲ የሚኖሩ አሉ። ግሪን ካርድ የያዙ አሉ። ዜግነት ካገኙ አሥር ዓመት ሞልቷቸው ለመራጭነት ተመዝግበው የማያውቁ አሉ። ተመዝግበውም የኔ ዲስትሪክት፣ ማለት የምርጫ ክልሌ፣ ከሚያልቅበት መንገድ ማዶ የሚኖሩ አሉ። አንዲት እናት ብዕሩን ተቀብለው፣ በትልቁ ፈርመው፣ «እግዚአብሔር ከፊትህ ይቅደም ልጄ» ብለው መርቀውኝ ነበር። አድራሻቸው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ምርቃታቸውን አስቀርቼ ፊርማቸውን ሰረዝኩ።

ይሄ የሆነው በ2023 ነው። ለቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት፣ እዚህ ሃውስ ኦፍ ዴሌጌትስ ለሚሉት፣ ያለ ፓርቲ በግሌ ተወዳደርኩ። ተሸነፍኩ፤ ያውም በሰፊው። ከዚያ ወዲህ ግን አራት ሰዎች ደውለው «እኔም እያሰብኩ ነው፣ ነገሩ እንዴት ነው?» ብለውኛል። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሰዓት ከማወራ ልጻፈው አልኩ። የምነግራችሁ በኔ ጊዜ የነበረውን ነው። ደንብ ይቀየራል፤ የምርጫ መምሪያው ለዕጩዎች የሚያወጣውን የዓመቱን መመሪያ ሳታነቡ እንዳትነሱ።

መቀመጫው ምን እንደሆነ ባጭሩ ልበል። ምክር ቤቱ 100 አባላት አሉት። አንዱ የሚመረጠው ለሁለት ዓመት ነው። ምርጫው በጎዶሎ ዓመት ስለሆነ የፕሬዚዳንት ምርጫ ግርግር የለበትም፤ ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም። አንድ ዲስትሪክት 86 ሺህ ያህል ሕዝብ አለው። ደመወዙ በኔ ጊዜ በዓመት 17,640 ዶላር ነበር። ለገንዘብ ብሎ የሚገባ ሰው ካለ ሒሳብ አይችልም ማለት ነው። ሥልጣኑ ግን ቀላል አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲም ሆነ ከተማ የግዛቱ መንግሥት መቀመጫ ሪችመንድ ያልፈቀደችለትን ነገር በራሱ ማድረግ አይችልም። የቤት ኪራይ በለው፣ የመኪና ታክስ በለው፣ የኡበር ሹፌር ኢንሹራንስ በለው፣ መጨረሻው እዚያ ምክር ቤት ነው።

ለምን በግል? እውነቱን ልናገር፣ ምክንያቶቼ ሁሉ የተከበሩ አልነበሩም። ፓርቲ ውስጥ ገብቼ ወረፋ የመጠበቅ ትዕግሥት አልነበረኝም። ሌላው ግን የኛው ሰው ሁኔታ ነው። በ2021ዱ የገዥ ምርጫ፣ ዋሽንግተን በሰሜኑ ጦርነት ላይ በያዘችው አቋም የተቆጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ዲሞክራት ሲመርጡ የኖሩ ሰዎች ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ሲቀሰቅሱ አይቻለሁ። እነሱን አጥብቀው የተቃወሙም ነበሩ። አንድ እድር ውስጥ ያሉ ሰዎች ለሰላምታ እስኪኳረፉ ደርሰዋል። በግል ብገባ ሁለቱንም ወገን አስታርቃለሁ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ ሲመዘገብ የፓርቲ ስም አይጠየቅም። ታዲያ ሁሉም ነፃ ነው አልኩ።

ሌሲ ፑትኒ የሚባል ሰው ታሪክ ደግሞ ልቤን አሳበጠው። በዚሁ ምክር ቤት ከ1962 እስከ 2014 ተቀምጧል፤ አብዛኛውን ዘመን በግል። አልፎ ተርፎ ለጊዜው አፈ ጉባኤ ሆኖ ሠርቷል። ያላስተዋልኩት አንድ ነገር ነበር። ሰውየው መጀመሪያ የተመረጠው በዲሞክራትነት ነው። ከፓርቲው የወጣው የቤቱን ቁልፍ ኪሱ ከከተተ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ደጅ ቆሜ ነበር።

ወደ ፊርማው ልመለስ፤ ብዙው ትምህርት ያለው እዚያ ነውና።

ለተወካዮች ምክር ቤት 125 ፊርማ ይበቃል። ለግዛቱ ሴኔት 250 ነው። ማስፈረም የሚቻለው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። እኔ ጾሙ ይውጣ ብዬ ፋሲካን ጠበቅኩ፤ የዚያ ዓመት ፋሲካ ኤፕሪል 16 ዋለ። የማስረከቢያው ቀን ጁን 20 ነበር፣ በፈረንጁ ሰዓት ምሽት 7። ሦስት ወር ተኩል በከንቱ አቃጠልኩ ማለት ነው። እናንተ እንዲህ አታድርጉ። ጾም ፊርማ አይከለክልም።

ፈራሚው በዲስትሪክቱ ውስጥ የተመዘገበ መራጭ መሆን አለበት። የሚጽፈውም የመኖሪያ አድራሻውን ነው፤ የፖስታ ሳጥን ወይም የሥራ ቦታ አይሆንም። አስፈራሚው ደግሞ ሰውየው ሲፈርም በዓይኑ ማየት አለበት። ወረቀቱን ካፌ ባንኮኒ ላይ ትቶ «የገባው ሁሉ ይፈርም» ማለት አይቻልም። አንድ ወዳጄ በቅንነት ይህን አድርጎ 30 ፊርማ ይዞልኝ መጣ። አመስግኜ ቀደድኩት። ከዚያ አስፈራሚው በወረቀቱ ላይ ኖታሪ፣ ማለት ፊርማ አረጋጋጭ፣ ፊት ምሎ ይፈርማል። እዚህ ላይ የኛ ሰው ዕድለኛ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ውክልና የሚሠሩልን ኖታሪዎች በየሰፈሩ አሉ። አንዷ ሁሉንም ወረቀት በነፃ ሠራችልኝ፣ ቡናም አጠጣችኝ።

የ14 ዓመት ልጄ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ቆማ 11 ፊርማ ሰበሰበች። ኮራሁባት። ፎቶ አንስቼ ለዘመድ ሁሉ ላክሁ። ከዚያ ደንቡን ሳነብ አስፈራሚ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ መሆን አይችልም ይላል። አሥራ አንዱም ውድቅ። እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ፎርሙ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የመጨረሻ አራት አሃዞችን ትጠይቃለች። ግዴታ አይደለም፤ ባዶ ብትቀር ፊርማው ይቆጠራል። አበሻ ግን ያቺን ሳጥን ሲያይ ብዕሩን እንደ እባብ ነው የሚጥለው። ብዙ ሰው አጣሁባት። በኋላ ዘዴ አገኘሁ። ወረቀቱን ከመስጠቴ በፊት «ይቺን ሳጥን ዝለሏት» እላለሁ። ከፈራ በኋላ ማስረዳት አይሠራም፤ ቀድሞ መናገር ነው።

ታዲያ 125ቱን ማን ሞላልኝ? የመራጮችን ዝርዝር ዕጩዎች ከምርጫ መምሪያው መግዛት ይችላሉ። ገዛሁት። እዚያ ላይ መንገዱ፣ የቤት ቁጥሩ፣ የተመዘገበው ሰው ስም አለ። ያንን ይዤ በየቀኑ ከሥራ መልስ ሁለት ሰዓት በር ማንኳኳት ጀመርኩ። ከአሥር ፊርማ ዘጠኙ የሚቆጠር ሆነ። የፈረሙልኝ እነማን ናቸው? ፎቅ ላይ የሚኖረው ጡረተኛ የትምህርት ቤት ሾፌር። ከልጄ ጋር የምትማር ልጅ እናት፣ ሳልቫዶራዊት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንገት ነቅንቀን ብቻ የተላለፍን ቬትናማዊ ጎረቤቴ። ሻይ አፍልቶ «ለምን ይሄን ያህል ቆየህ?» አለኝ። ለመወዳደሩ ይሁን በሩን ለማንኳኳቱ አልገባኝም።

እኔ ማኅበረሰቤ ብዬ የማስበው ቤተ ክርስቲያኑን፣ እድሩን፣ እቁቡን፣ የእሁዱን ኳስ ነው። ይህ ሁሉ ሰው በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ ተበትኖ ይኖራል። ምርጫ ግን የሚያየው አንድ ሰፈር ውስጥ ያለውን ሰው ነው። ሦስት ሺህ አበሻ በስሙ የሚያውቀው ሰው፣ ከበሩ አምስት ደቂቃ በእግር የሚኖሩትን ላያውቅ ይችላል። እኔ ያ ሰው ነበርኩ። ይህንን ያወቅሁት ግን ፎርም በእጄ ይዤ ነው፣ ዘግይቼ።

በዝርዝሩ ላይ የአበሻ ስሞችንም ፈለግሁ። ይሄ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። «ጌታቸው» ብቻ በእንግሊዝኛ ፊደል ከአራት በላይ አጻጻፍ አለው። ግማሹ የአያቱን ስም የመጨረሻ ስም አድርጎታል፣ ግማሹ የአባቱን። ባለቤቴና እኔ ሦስት ሌሊት ሙሉ ስናስስ አደርን። በዲስትሪክቴ ያገኘነው የተመዘገበ አበሻ ሰባት መቶ አካባቢ ነው። ካሰብኩት ሲሶውም አይሆን።

መጨረሻ ላይ 203 ፊርማ አስረከብኩ። ከሚፈለገው አንድ ተኩል እጥፍ አድርጋችሁ ሰብስቡ፤ የሚሰረዝ አይጠፋም። ፊርማው ብቻም አይደለም። የዕጩነት ብቃት ማረጋገጫ፣ የዕጩነት ማስታወቂያ፣ የሀብትና የጥቅም መግለጫ፣ የዘመቻ ኮሚቴ ምዝገባ አለ። አንዱ ለአካባቢው የምርጫ መዝጋቢ፣ ሌላው ለሪችመንድ ይገባል። አንዲት ወረቀት ብትቀር ስምህ አይታተምም። ይህ በጀማሪ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። በ2019 ኒክ ፍሬይታስ የተባለ፣ በወንበሩ ላይ የነበረ ሪፐብሊካን፣ ወረቀቱ በጊዜው ስላልገባ ስሙ ከድምፅ መስጫው ቀረ። ደጋፊዎቹ ስሙን በእጃቸው ጽፈው መረጡትና አሸነፈ። እሱ ፓርቲና ገንዘብ ነበረው። እኔን «በእጅህ ጻፈኝ» ብል ስሜን በትክክል የሚጽፍ ፈረንጅ ከየት ይመጣል?

ስለ ስም ካነሳን አይቀር። ያርድ ሳይን፣ ግቢ ውስጥ የሚተከለውን የምርጫ ሰሌዳ፣ ለማሠራት አንድ ልምድ ያለው ሰው አማከርኩ። «የመጨረሻ ስምህን በትልቁ፣ የራስህን በትንሹ» አለኝ። አሜሪካ እንዲህ ነው። እኔም እሺ አልኩ። የመጨረሻ ስሜ የአያቴ ስም ነው። ሦስት መቶ ሰሌዳ ታተመ። መንገዱ ሁሉ በአያቴ ስም ተሞላ። አበሻው በመኪና እያለፈ «ማነው ይሄ ሰውዬ?» ይላል። እናቴ አንዱን አይታ ቆማ ቀረች። «አባባ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሳቸው ናቸው የሚወዳደሩት?» አለችኝ። የአባቴ አባት ጎጃም ውስጥ በግ ሲያረቡ የኖሩ፣ ከደብረ ማርቆስ አልፈው የማያውቁ ሰው ናቸው። ስማቸው ቨርጂኒያ መንገድ ዳር ቆመ። በሁለተኛው ዙር የራሴንም ስም እኩል አስተለቅሁት። እናንተ ከመጀመሪያው እንዲህ አድርጉ።

ሰሌዳ በመንገድ አካፋይና በመንገድ ዳር በሕዝብ ቦታ መትከል ክልክል ነው፤ በአንድ ሰሌዳ እስከ 100 ዶላር ያስቀጣል። ሌላው ሲተክል ታያላችሁ። አትቅኑ። ሰው ግቢ ውስጥ፣ አስፈቅዳችሁ ትከሉ። በየትኛውም ኅትመት ላይ ወጪውን ማን እንደከፈለ የሚገልጸው መስመር እንዳይረሳ።

የአማርኛ ፍላየርም አሠራሁ። ማተሚያ ቤቱ 500 ቅጂ አስረከበኝ። ካርቶኑን ስከፍት ፊደሉ የለም፤ ባዶ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል። ኮምፒውተራቸው የኛን ፊደል አያውቅም ነበር፤ እኔም ናሙናውን ሳላይ ክፈል ስባል ከፍያለሁ። ጽሑፉን ወደ ምስል ቀይራችሁ ላኩ፤ አንድ ቅጂ በእጃችሁ ሳትይዙ ደግሞ ክፍያ አትጨርሱ።

ገንዘብ ላይ ደግሞ ባህላችንና ሕጉ ተጋጩ። ለአንድ ምሽት ዘመድ ወዳጅ ጠራሁ። እንጀራ ተበላ፣ ቡና ተፈላ። ሰው ሲወጣ እንደ ሰርግ እጄን እየጨበጠ የታጠፈ ብር ያቀብለኛል። «ለቤንዚን ትሁንህ» ይላል። ምን ያደርጋል፣ ያንን ብር ያለ ስም መቀበል አልችልም። በድምሩ ከ100 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ፣ አድራሻው፣ ሥራውና አሠሪው በሪፖርት ይወጣል፤ ማንም ኢንተርኔት ላይ ያነበዋል። ትልልቅ ሰዎችን በር ላይ አቁሜ «ጋሼ፣ የሥራ ቦታዎ ማን ይባላል?» ማለት ጀመርኩ። አንዱ ብራቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። «ልጄ፣ እኔ ልረዳህ እንጂ ልመረመር አልመጣሁም» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። የሚሻለው ሲገቡ ወረቀት ሰጥቶ፣ በሚያውቁት ሰው በኩል፣ ፈገግ ብሎ ማስሞላት ነው። ሲወጡ አይደለም።

ለዘመቻው የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። በግል ሒሳባችሁ በዜል፣ በስልክ ብር በሚላክበት መንገድ፣ አትቀበሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መምረጥ ባይችልም ገንዘብ መስጠት ይችላል። አሜሪካዊ ያልሆነና ግሪን ካርድ የሌለው ሰው ግን አንድ ዶላርም መስጠት አይችልም። ወንድሜ ከዱባይ 300 ዶላር ልላክ አለኝ። እንደማይቻል ስነግረው «የናንተ አገር ደግሞ የሚላክለት ብር አይቀበልም?» ብሎ ሳቀ። በታሪካችን ከዱባይ ወደ አሜሪካ ሊላክ የነበረ የመጀመሪያው ሐዋላ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር በብርቱ ላሳስብ። በር ስታንኳኩ ወይም በጎ ፈቃደኛ ስትልኩ ማንንም «ዝም ብለህ ተመዝገብ» እንዳትሉ። ዜጋ ያልሆነ ሰው ለመራጭነት ቢመዘገብ ወይም ቢመርጥ፣ በስሕተት እንኳን ቢሆን፣ የዜግነት ማመልከቻውን ሊያበላሽበት፣ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርሰው ይችላል። መጀመሪያ «ዜግነት ወስደዋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ ካላጠገባችሁ አመስግናችሁ እለፉ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ አምስት ደቂቃ እንዲሰጡኝ አስተዳዳሪውን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ አንተን ካስነገርኩ ነገ ሌላው ይመጣል» አሉኝ። ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ ሳጣራ ሕጉም ከሳቸው ጋር ነው። ከግብር ነፃ የሆነ የሃይማኖት ተቋም በኔ ጊዜ ዕጩ መደገፍ አይፈቀድለትም ነበር። ግን ሰው ተመዝገብ፣ ምረጥ ማለት ይችላል። እሳቸውም በመስቀል ሰሞን የማንንም ስም ሳያነሱ «ዜጋ የሆናችሁ ምዝገባችሁን አረጋግጡ» ብለው ተናገሩ። ከኔ ንግግር ሁሉ የዚያን ቀን ማስታወቂያቸው ሳይበልጥ አይቀርም።

የሰው ጥያቄስ? ፈረንጁ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ትራፊክ ይጠይቃል። የኛ ሰው ደግሞ የመጀመሪያ ጥያቄው «በሀገር ጉዳይ አቋምህ ምንድን ነው?» ነው። ሪችመንድ በኢትዮጵያ ጉዳይ የምትወስነው ነገር እንደሌለ አስረዳለሁ። «ታዲያ ምን ልትሠራ ነው የምትገባው?» ይሉኛል። ሁለተኛው ጥያቄ፣ በግልጽ ባይነገርም፣ ከየት እንደሆንኩ ነው። በአባቴ ስም፣ በአነጋገሬ፣ በምሄድበት ቤተ ክርስቲያን ይመዝኑኛል። ለዚህ መልስ የለኝም። ወሬውን የሚያስቀይረው የመኪና ታክስ ብቻ ነበር። የክፍያ ወረቀቱ በመከር የሚመጣ ስለሆነ ዘመቻው መሀል ላይ ደረሰልኝ። ኡበር የሚነዳ ሰው ጋ ገብቶ «ይህን የክፍያ ወረቀት የሚያስልከው ሕግ የወጣው የት መሰለህ?» ማለት ነው። ወንበር ይስብላችኋል።

«አንድ ድምፅ ምን ይፈይዳል?» ለሚል ደግሞ የ2017ን ታሪክ እነግር ነበር። በዚሁ ምክር ቤት የ94ኛው ዲስትሪክት ምርጫ ሁለቱ ዕጩዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ስማቸው በፊልም ጥቅል ዕቃ ተከትቶ፣ ከሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በዕጣ ወጣ። ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ ዲሞክራቷን ሼሊ ሳይመንድስን በዕጣ አሸነፈ። በዚያ ዕጣ ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን 51 ለ49 ያዙ። ይህን ስናገር ሰው ፊቱ ይበራል። እቁብ ስለሚያውቅ ዕጣ ይገባዋል።

ቀድሞ መምረጥ የተጀመረው ሴፕቴምበር 22 ነው፣ ከምርጫው 46 ቀን ቀደም ብሎ። ለትልልቅ ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዕድሜው 65 የሞላ ወይም አካል ጉዳት ያለበት ሰው ከመኪናው ሳይወርድ መምረጥ ይችላል፤ ወረቀቱን መኪናው ድረስ ያመጡለታል። እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ የሚያምነውን ረዳት ይዞ መግባት የፌዴራል ሕግ ይፈቅድለታል። ረዳቱ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል መሆን ብቻ የለበትም። እኔ ዕጩ ስለሆንኩ ለማንም አልገባሁም፤ ልጆቻቸውን ወይም ጎረቤቶቻቸውን ይዘው እንዲሄዱ አደረግሁ። እትዬ አንዷ ከመኪናቸው ሆነው መርጠው ሲመለሱ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጡት ያን ቀን እንደሆነ ነገሩኝ። ማንን እንደመረጡ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም።

ኖቬምበር 7 ጠዋት በፈረንጁ 6 ሰዓት ሲሆን አንድ የምርጫ ጣቢያ በር ላይ ቆሜ ነበር። ከበሩ 40 ጫማ ርቆ መቆም ግዴታ ነው። እዚያ ነው የግል ዕጩ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። ሁለቱም ፓርቲዎች በየጣቢያው ሰው አላቸው። ለሚገባው ሁሉ የናሙና ወረቀት ያድላሉ፤ ማንን መምረጥ እንዳለበት ከላይ እስከ ታች ምልክት ተደርጎበታል። የናሙናው ወረቀት ነጭ እንዳይሆን ሕጉ ስለሚያዝ በቀለም ይታተማል። መራጩ በዚያ ዓመት ለሴኔት፣ ለካውንቲ ቦርድ፣ ለትምህርት ቦርድ፣ ለሌላም ይመርጣል። ግማሹን ስም አያውቅም። ስለዚህ ባለ ቀለሟን ወረቀት ይዞ ይገባና እያየ ይሞላል።

እኔ አረንጓዴ ወረቀት አሳትሜ ነበር፤ የራሴ ስም ብቻ ያለበት። አንድ የማውቀው የአራት ኪሎ ልጅ አየኝና አቅፎ ሳመኝ። «አይዞን!» አለኝ። ከዚያ የፓርቲውን ወረቀት ተቀብሎ ገባ። ሲወጣ ፊቱ ቀላ። «ወንድሜ፣ ስምህን አላየሁትም እኮ» አለኝ። በድምፅ መስጫው ላይ የፓርቲ ዕጩዎች ይቀድማሉ፤ የግሉ መጨረሻ ነው። ወረቀቱን እያየ ሲሞላ ዓይኑ እኔ ጋ አልደረሰም። እሱ እንኳን።

በጣቢያዎቹ ሁሉ የሚቆም ሰው አልነበረኝም። ከበጎ ፈቃደኞቼ ግማሹ የሚኖሩት ሜሪላንድ ነበር፤ ሥራ አስፈቅደው መጥተዋል። ለመቆምና ለማደል የዲስትሪክቱ ነዋሪ መሆን አያስፈልግም። ከወንዝ ማዶ ያለ ወዳጅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ፊርማው ባይቆጠርም እግሩ ይቆጠራል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ። እኔ ግን አምስት ሰው ነበረኝ፣ ሎሚው ደግሞ ከሃምሳ በላይ።

ውጤቱ ማታውኑ ታወቀ። ዘጠኝ መቶ ጥቂት ድምፅ፣ ከመቶ አራት ገደማ። አንዳንድ የኛ ሰዎች «ድምፅ ከፋፈልክ» ብለው ወቀሱኝ፤ አሸናፊው ያሸነፈበትን ልዩነት ግን አላዩም። የኔ ዘጠኝ መቶ ተደምሮም ተቀንሶም ምንም አይለውጥም ነበር። የከፋኝ እሱ ነው ብል ይቀለኛል።

በጃንዋሪ ምክር ቤቱ ሲከፈት ካሸነፈው ተወካይ ቢሮ ተደወለልኝ። የሹፌሮችን ጉዳይ የሚነካ ሐሳብ ኮሚቴ ፊት ሊቀርብ ነው፤ ምስክርነት የሚሰጡ ሰዎች ታውቃለህ ወይ አሉኝ። አውቃለሁ። በየመኪናው መስኮት ስልካቸውን ሰብስቤያለሁ። ከቤታቸው ሆነው በቪዲዮ መናገር ይቻል ስለነበር ሁለት ሰዎች ተናገሩ። ከምርጫው በፊት ለዚያ ቢሮ ሦስት ኢሜይል ልኬ አንዱም አልተመለሰልኝም ነበር።

ከተሸነፋችሁ በኋላ ሪፖርቱ እንደማያልቅ እወቁ። ኮሚቴውን የመጨረሻ ሪፖርት አስገብታችሁ እስክትዘጉት ድረስ በየቀነ ገደቡ መላክ አለባችሁ። እኔ ምርጫው አለቀ ብዬ ተኛሁ። የቅጣት ደብዳቤ መጣልኝ። ሒሳብ ያዣችሁ ከዕጩው የበለጠ ንቁ ሰው ይሁን፤ ከዕጩው ሌላ ሰው ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ባለፈው ሳምንት አንደኛው ደዋይ ቤት ድረስ መጣ። ለመወዳደር ቆርጧል። ጋራዥ ውስጥ የቀሩኝ ስልሳ ሰሌዳዎች አሉ። ፕላስቲኩን መጣል ነው እንጂ የሽቦ እግሮቹ ደህና ናቸው፤ ወጪ ይቀንስልሃል፣ ውሰድ አልኩት። ልናወጣቸው ስንሄድ ግማሾቹ የሉም። ከጓሮ አገኘናቸው። እናቴ ቲማቲሟን አስደግፋባቸዋለች። «ይህንን መንካት የለም» አለች፤ «የሚወዳደረው ከመከር በኋላ ይምጣና ይውሰድ።»